ለፈረንጁ ደራሲ «ይበል!» ያልኩ ዕለት

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ባለቤቴ ለወሰኔ፣

ከራቤል ማዶ ውርጩ እንዴት ይዞሻል? አንቺ ከወንድምሽ ከወዳጆ ጋር ወደ አርበኞቹ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ሰው የሚኖርበት አይመስልም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ግን ደክሞኛል። ጠላት ከገባ ጀምሮ አንድ ቅኔ እንኳ አልቆጠርኩም። እንደ ወትሮዬ በርኖሴን ተከናንቤ ሜዳ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ ባዶዬን እመለሳለሁ።

ቅጣው ለጣሊያን እልል ብሎ ጮኸ የሚል ወሬ እናንተ ዘንድ መድረሱን ሰምቻለሁ። ነገሩን ከእኔው ስሚው።

በእነርሱ ገና ዕለት ካህናቱን ሁሉ ሰብስበው፣ ጎተራው ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ዘርግተው ሲኒማ አሳዩን። መድፋቸውን ሊያሳዩን ነው ብዬ ነበር፤ የአንድ ደራሲ ታሪክ ሆነ። መጽሐፉ ለበዓሉ መውጣት አለበት፣ ሰውዬው ግን ቃል ጠፍቶበታል። ይጽፋል፣ ይቀዳድዳል፣ ተነሥቶ ይንጎራደዳል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። በኋላማ የመጽሐፉ ሰዎች ከወረቀቱ ወጥተው ከበቡት። አንዷ አሮጊት «እኔ እንዲህ ብዬ አልናገርም» ብላ ስትቆጣው፣ አስተርጓሚው በዕውቀቱ ቢነግረን በሳቅ ሞትን። ያንን ሲኒማ የሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የእኛን ሥራ ያውቃል። አዘንኩለት፤ የጠላት አገር ሰው መሆኑንም ረሳሁት።

በመጨረሻ ቃሉ መጣለትና ብዕሩ ሲሮጥ፣ ቅኔ ማኅሌት የቆምኩ መስሎኝ «ይበል! ይበል!» ብዬ ጮህኩ። ካህናቱም እንደ ልማዳችን ተቀበሉኝ። ቅኔ ሲያምር ዝም ማለትን ማን አስተምሮን!

የጣሊያኑ ሹም ንጉሣቸውን ያመሰገንን መሰለው። ደስ ብሎት አስጠራኝ።

«መሪጌታ፣» አለኝ በዕውቀቱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ለእኛ ገና የሮማን ንጉሥ የሚያወድስ ቅኔ ሕዝቡ ፊት ያቅርቡ ብለዋል።»

«እኔ እኮ ለሲኒማው ሰውዬ ነው ይበል ያልኩት። ንገርልኝ እንጂ!»

«ነገርኳቸው፤ ሳቁ። እርስዎ እምቢ ቢሉ ግን አይስቁም። ቢጠፉ ደግሞ አጥቢያውን ያቃጥሉታል።»

ትናንት ሜዳ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ያ ደራሲ ትዝ አለኝ፤ ተስፋ ቆርጦም እንኳ ከወረቀቱ አለመራቁ። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ቅኔ መጣልኝ። ደስታዬን ለማን ልንገር? አለቀስኩ። ለንጉሣቸው አይደለችም። ለሕፃኑ ለጌታችን ናት፤ ሄሮድስም በስሙ ተጠርቶባታል፣ ማንን እንደምል የማይገባው የለም። አጥቢያው እንዳይነካ አልሸሽም። ሕዝቡ ፊት ቆሜ እላታለሁ፤ የሚመጣውም በእኔ ላይ ብቻ ይሁን።

ቅኔ አንዴ ተብላ የምትቀር ናትና እዚህ አልጽፍልሽም። አትቀየሚኝ።

በቅሎዋን ለእኅቴ ለአስካለ ማርያም ሰጥቻታለሁ። የገብሱንም ዘር እሷ ጋ አኑሬልሻለሁ። ለጥምቀት እመጣለሁ ያልሽውን ተይው፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም።

የተወለደው ጌታ ከጥይትና ከብርድ ይጋርድሽ፤ ወዳጆንም በሰላም ይመልሰው። እኔን አታስቢ። ደኅና ነኝ፤ ያች ቅኔ ከመጣችልኝ ወዲህ እንቅልፍም ይወስደኛል።

ብቻ አንቺ ብትሰሚያት ደስ ይለኝ ነበር።

ባልሽ፣
መሪጌታ ቅጣው