ባዶውን ቋጠሮ የያዘው ክፉ ሰው

ዓርብ፣ ኅዳር 1/1999 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ሳቁብኝ። ይሄ ለጨዋታችን የፈጠርኩት ሦስተኛው ክፉ ሰው ነው። ሁለት ራስ ሰጠሁት፣ እሳት አስተፋሁት። ዘይኑ፣ ዋላሂ ይሄስ ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም ብሎ ሻዩን ፉት አለ። ለተብርሃንማ ታዛጋለች። ጨዋታው እዚህ ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ትታልን ከሄደችው መጽሐፍ የቀዳነው ነው፦ ሁለቱ በረሃ የሚያቋርጡ መንገደኞች ይሆናሉ፣ እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ የሚገጥማቸውን የሉዶ ዳይስ ይወስናል። የክፉው ዳይስ ከብስኩት ካርቶን ጀርባ ነው የሚወድቀው፣ የማነበውም እኔ ብቻ። አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም፤ ይህን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ። ግን ት/ቤት ስልሳ ልጅ ቀጥ የማደርግ ሴት አንድ የሚያስፈራ ሰው መፍጠር ያቅተኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

አባዬ ግቢ ውስጥ የሰው አንገረብ፣ የገመድ አልጋ፣ እየሠራ ነበር። ለወሬ ያህል አማረርኩለት። ክፉ ሰው አይጮህም አለኝ። ውሃ ሲያድል ለራሱ መጨረሻ ይቀዳል፤ ለዚህ ነው የሚያምኑት። እጁን ከገመዱ አላነሳም። ገረመኝ። በደርግ ጊዜ ከአርማጭሆ ሰው እየመራ ወደዚህ ወደ ሱዳን ያሻግር እንደነበር ከሰው ነው የሰማሁት፣ ከሱ አይደለም። በቀን አሥር ቃል አይናገርም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ራሱ ጠራኝ! ያ ክፉሽ የት ደረሰ አለ። ከዚያ የገመዱን ነገር ነገረኝ። በጨለማ ሁሉም አንድ ገመድ ይይዛል፣ ለያንዳንዱ አንድ ቋጠሮ። ሰው ደክሞ ከለቀቀ ገመዱ ይላላል፣ የፊቶቹ ያውቃሉ፣ ይቆማሉ። ስለዚህ ክፉው መሪ ረዳቱን ከፊት አስቀድሞ ራሱ ከኋላ ይሄዳል፤ ባዶውን ቋጠሮ እሱ ይይዘዋል። ገመዱ እንደተወጠረ ነው። ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ የለቀቀው ሰው ጨለማው ውስጥ ይቀራል።

ሦስት ገጽ ጻፍኩ። አገኘሁት!

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ፈሩ። የዘይኑ ሻይ ቀዘቀዘ። ለተ. እጇን ጉያዋ ከታ አላወጣም አለች። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። መጨረሻ ላይ ለተ. ጠየቀች፦ ያ ቋጠሮ የማን ነበር? አላሰብኩበትም። አባዬን ልጠይቀው።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ምነው ባልጠየቅሁት።

ጥሩነሽ ትባላለች አለ። ወባ ይዟት ነበር። ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላ ለብሳ። ስትለቅ ትንፍሽ አላለችም፣ እንዳታዘገየን ብላ ነው አለ። ከፊት ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ወታደሮቹም ሩቅ አይደሉም። ሰውየው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይህን ብሎ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ተናደድኩበት። ራት አላቀረብኩለትም። በኋላ አቀረብኩ። ለጥሩነሽ አለቀስኩ፣ ለሱም አለቀስኩ። ለሁለቱም አንድ ላይ ማዘን ይቻላል? እንጃ። እኔ ግን አዘንኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ምሳ ላይ፣ ፊቴን ሳያይ፦ ክፉሽ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል ወይ? ዳይሱ ነው የሚወስነው አልኩት። ስድስት ከወጣ ይመለሳል፣ በሕይወትም ያገኛታል። ጉርሻው እጁ ላይ ደረቀ። ቆይቶ፣ እኔ ብጥለው ይሆናል ወይ አለ፣ እንደ ልጅ አፍሮ።

ነገ ወደ ጨዋታው ይመጣል። ነጩን ጀላቢያውን አጥቤ አሰጣሁት። ለዘይኑና ለለተ. ምንም አልነግራቸውም፤ እንግዳ ተጫዋች ነው፣ በቃ። ዳይሱን በካርቶኑ ላይ አሳልፎ ወደ እኔ ይጥለዋል። የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

ምንም ይውጣ፣ ስድስት ነው እላለሁ።