የሕፃናት ቀሚስ ሰፊዋ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ኤርጫፎ (1968–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ከአባታቸው ከአቶ ኤርጫፎ ባልቻ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ዛላ በ1968 ዓ.ም. በገረሴ ተወለዱ። በዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው አርባ ምንጭ አክስታቸው ዘንድ ወረዱ። ሲቀላ ገበያ አጠገብ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሙያውን ተማሩ። ደጋ ያደጉ ነበሩና የቆላው ሙቀት አላስቆም ቢላቸው ለራሳቸው የሰፉት ስስ ቀሚስ የመጀመሪያ ሥራቸው ሆነ።

በ1988 ዓ.ም. በጫሞ ሐይቅ ዓሣ በማስገር ይተዳደሩ ከነበሩት ከአቶ ሕዝቅኤል ጋር ጋብቻ መሥርተው ማዕዶትንና ኢያኤልን ወለዱ።

በ1994 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ የአራት ዓመቷ ማዕዶት “እማዬ፣ እጅጌ የሌለው ስፊልኝ፤ ይሞቀኛል” አለቻቸው። እሳቸውም ቢጫ ስስ ጥጥ ገዙ። የልጅቱን አሮጌ ቀሚስ ጨርቁ ላይ ዘርግተው በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አሰመሩና ቆረጡ። ደረቱ ላይ ላስቲክ አስገቡ፤ ትከሻው ላይ የሚቋጠር ቀጭን ማሰሪያ አበጁለት። የታችኛው ጠርዝ ብቻ ሲቀር ማዕዶትን ትኩሳት ያዛት። ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ቢጀመርላትም አልተረፈችም።

ለቀስተኛው ሲበተን ወይዘሮ ጽጌሬዳ የስፌት መኪናቸውን በብርድ ልብስ ሸፈኑት። ጨርቅ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ሌላ ሰፊ ይልኩ ነበር። የኢያኤል የትምህርት ቤት ልብስ እንኳ ተሰፍቶ ያለቀ ነበር የሚገዛለት። ልጁም ያ የተሸፈነ ነገር ጠረጴዛ እየመሰለው አደገ።

በ2001 ዓ.ም. ኢድ ሲቃረብ፣ በሲቀላ የጨርቅ መደብር ያላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ረይሐና ትንሿን ልጃቸውን ሁስናን በእጃቸው ይዘው መጡ።

“ሰፊዎቹ ሁሉ ሥራ በዝቶብናል ብለው መለሱኝ” አሉ። “እንደማትሰፊ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን የኢድ ቀሚስ ካላሰፋሽልኝ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ።”

ወይዘሮ ጽጌሬዳ የሁስናን ቁመት በዓይናቸው ለኩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ቢጫውን ቀሚስ አወጡ።

“የማዕዶት ነው። ጠርዙ ይቀረዋል። ቅር ካላለሽ ለሁስና ልጨርሰው።”

ወይዘሮ ረይሐና ዕንባቸው ቀደማቸው። “ምን ቅር ይለኛል እህቴ። ስትጨርሺ አንቺው አልብሻት።”

አቶ ሕዝቅኤል ብርድ ልብሱን አንሥተው መኪናውን ዘይት ቀቡት። ጠርዙ እንዳለቀ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ማሰሪያውን በሁስና ትከሻ ላይ በእጃቸው ቋጠሩላት። ልጅቱ ወደ መንገዱ ስትሮጥ እስክትሰወር ድረስ በር ላይ ቆመው አዩዋት፤ ከዚያም ቤት ገብተው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ማዕዶት ከተቀበረች ወዲህ እንዲያ ሲያለቅሱ የሰሟቸው ያን ቀን ብቻ መሆኑን ባለቤታቸው ይናገራሉ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ተሸፍኖ አያውቅም። የሰፈሩ ሕፃናት ቀሚስ ከእጃቸው ይወጣ ነበር። ወይዘሮ ረይሐና የሚሰጧቸውን ቁርጥራጭ እየገጣጠሙም ልብስ ለሌላቸው ይሰፉ ነበር። ቁርጥራጩ አልገጥም ሲላቸው ብቻቸውን ይነጫነጫሉ፤ ልጆች ሲመጡ ግን ፊታቸው ይፈታል።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ሕመም አገኛቸው። በአርባ ምንጭና በሐዋሳ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው አቅማቸው ስለደከመ አልጋ ላይ ዋሉ። የልጅ ልጃቸው ኑሃሚን በዚህ ዓመት ሙቀቱ ገላዋን ሽፍ ቢያደርጋት ስስ ቀሚስ ሊሰፉላት ፈለጉ፤ እጃቸው ግን መቀስ መያዝ አቃተው። የኢያኤልን ባለቤት ቦንቱን ጠርተው ከአልጋቸው ሆነው ያዝዟት ጀመር።

“እኔ እኮ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም፣ እማማ” አለቻቸው።

“እኔም ስጀምር አላውቅም ነበር። አሮጌ ቀሚሷን ጨርቁ ላይ ዘርጊው። ረዘም አድርገሽ ቁረጪ፤ ልጅ ናት፣ ታድጋለች።”

የቦንቱ ስፌት ጠመመ። ልትፈታው ስትል ከለከሏት። “ተዪው። ስትሮጥ አይታይም።”

ቀሚሱ አልቆ ኑሃሚን ስትለብሰው በኢያኤል ክንድ ተደግፈው ቀና አሉ። እግሯ ሥር ይጎተት ነበር።

“ይሁን” አሉ፣ “ትደርስበታለች።”

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ባለቤታቸውን አቶ ሕዝቅኤልን፣ ልጃቸውን ኢያኤልን፣ ምራታቸውን ቦንቱንና የልጅ ልጃቸውን ኑሃሚንን ትተው አልፈዋል። እንደ እህት የኖሩት ወይዘሮ ረይሐናም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ለሐዘን ተቀምጠዋል። ያደከማቸውን ሕመም ያየ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ከቤታቸው የጎደለውን እሱ ራሱ ይሙላው። አሜን።