ከማንጎው ሥር ያለው «ባዶ ቦታ»

ለከተማችን መዋቅራዊ ፕላን ክለሳ አስተባባሪ ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ አለመኖሬ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮሚቴዎ አባላት ከአባያ ሐይቅ እንደሚነሣው ነፋስ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ባለፈው ወር እስከ ስብሰባ አዳራሻችሁ ድረስ ዳገቱን አውጥቶኛልና አላማውም። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን፣ ሸማኔ ሳለሁ ፈትል ተጠቅልሎበት ይመጣ ከነበረ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ ቢቋጠርብዎ በትዕግሥት ይፍቱልኝ። ቅሬታዬን ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ) ስለ ስብሰባው። «የከተማችንን የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት አብረን እንንደፍ» የሚለውን ጥሪያችሁን የሰማሁት ድምፅ ማጉያ ከጫነች ባጃጅ ነው። ባጃጇ እጅግ ፈጣን ስለነበረች «የከተማችንን የሚቀጥሉት» የሚለው እኛ ሰፈር፣ «አብረን እንንደፍ» የሚለው ደግሞ ወንዙ ማዶ ተሰምቷል ይባላል። ቀኑንም የገበያ ቀን ማድረጋችሁ ሥራ ያለው ሰው እንዳይጉላላ ታስቦ ነው ብዬ አመሰግናለሁ። እኔ የምሸጠውም የምገዛለትም ሰው ስለሌለኝ መጣሁ።

ስልሳ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ሕዝቡ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ብዬ መካከል ላይ ተቀመጥኩ። እርስዎ አስቸኳይ ሥራ ስለገጠመዎ የወከሏት ባለሙያ፣ ወይዘሪት ሰሊሆም፣ ጥቂት እንጠብቅ ብላ አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ከዚያ በኋላ ለእኔ ለብቻዬ በማይክሮፎን ገለጻ አደረገችልኝ። ልጅቷ ጨዋ ናት። «ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» ስትል እኔን ብቻ እንዳታይ እየተጠነቀቀች ዓይኗን ወደ ባዶዎቹም ወንበሮች ታዞር ነበር። ሰው እኔን ሲያናግር እንዲህ ከተጨነቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታልና ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ «ረቂቁን የምትደግፉ» ስትል፣ ብቻዋን ቆማ እንዳትቀር አዝኜላት እጄን አወጣሁ።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ «ረቂቅ ፕላኑ ሰፊ የሕዝብ ተሳትፎ በታየበት መድረክ በሙሉ ድምፅ ድጋፍ አገኘ» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሰት ነው አልልም። ድሮም ትከሻዬ ሰፊ ነው ይሉኝ ነበር።

2ኛ) ስለ ካርታው። ካርታውን ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው። ጠጋ ብዬ ቤቴን በጣቴ ፈለግሁ። ድልድዩን አገኘሁት፣ ቤተ ክርስቲያናችንን አገኘሁት፣ የጎረቤቴን የበግ ጋጣ ሳይቀር አገኘሁት። የእኔ ቤት ባለበት ቦታ ግን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ «ባዶ ቦታ፣ ለሕዝብ መናፈሻ የታሰበ» ተብሎ ተጽፏል።

ወይዘሪት ሰሊሆም እንዳስረዳችኝ፣ ካርታው የተሠራው ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ነው፤ ከሰማይ የሚታየው ደግሞ የማንጎ ዛፌ ብቻ ነው። ዛፉን የተከለችው ሟች ባለቤቴ ወለቴ ናት። ከኦቾሎ ወደዚህ በወረድንበት ዓመት አንድ ማንጎ በላችና ፍሬውን በሩ አጠገብ ቀበረችው። ወደ ግድግዳው ተጠጋብሽ ብላት፣ «የተጠጋውስ ቤትህ ነው፤ ዛፉ ምን በወጣው» አለችኝ። ዛፉም እሷን ሰምቶ ጣሪያውንም ማድቤቱንም ሽንት ቤቱንም አለበሰልኝ። እኔ ስለ ጥላው እግዚአብሔርን ሳመሰግን ኖሬአለሁ፤ ለካስ ያን ጊዜ ሁሉ ከመንግሥት ተደብቄ ኖሯል።

እንግዲህ በቃለ ጉባኤያችሁ ሕዝብ ነኝ፤ በካርታችሁ ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ አይደለሁም።

3ኛ) ስለ መፍትሔው። ልጅቷ ውጭ ወጥታ ስልክ ደውላ ተመለሰች። ኮሚቴው አስተያየት ለሠላሳ ቀን ይቀበላል ተባለ፤ ይሁን እንጂ የእርማት ቅጹ የሚቀበለው «በአየር ምስሉ ላይ የሚታይ ቤት» ብቻ ነው። የአየር ምስሉም ሠላሳው ቀን ሲያልቅ እንደገና ይነሣል። ከዚያም መሬት መሬቱን እያየች፣ «አባት፣ እስከዚያ ዛፉን ቢያስቆርጡት እኮ ቤቱ ይታይ ነበር» አለችኝ። ሰው በእግሩ መጥቶ ቢያይስ ብዬ ጠየቅኋት። የመስክ ጉብኝት ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ የተያዘ መርሐ ግብር ነው አለችኝ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ነገሩን ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ አሰላሁት። ዛፉን ብቆርጥ ቤቴ ይቆያል። ዛፉን ባቆይ ደግሞ ዛፉ መናፈሻ ይሆንና ቤቴ ይሄዳል። ከተማዋ አረንጓዴ ትሁን ተብሎ ዛፍህን ቁረጥ የተባለ የመጀመሪያው ዜጋ ሳልሆን አልቀርም፤ ለዚህ ክብር ስለመረጣችሁኝ እጅ እነሣለሁ።

የይዞታ ካርታዬንም አምጥቼ አሳየሁ፤ እሱ የሌላ ክፍል ነው ተባልኩ። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ዓይነት ካርታ አለኝ። በአንደኛው፣ በይዞታዬ ካርታ፣ አለሁ። በሁለተኛው፣ በእናንተ ካርታ፣ የለሁም። ሦስተኛው መጫወቻ ካርታ ነው፤ ጎረቤቴ ኃይለመስቀል ጂንካ ልጁ ዘንድ ከሄደ ወዲህ ሁለቱንም እጅ የምጫወተው እኔው ስለሆንኩ፣ በእሱ ላይ እኩል እሸነፋለሁ፣ እኩል አሸንፋለሁ።

4ኛ) ይህኛው ቅሬታ ትንሽ ነው፤ ግን ከሁሉም ይከብደኛል። በትውልድ መንደሬ በኦቾሎ፣ ሽማግሌውም ጎልማሳውም ለምክክር የሚቀመጥበትን ሜዳ ዱቡሻ እንለዋለን። እዚያ አንድ ሰው ከጎደለ ነገር አይጀመርም፤ «እገሌ የት ሄደ? ታሟል ወይ?» ተብሎ ሰው ይላክበታል። እናንተ ሃምሳ ዘጠኝ ባዶ ወንበር እያያችሁ ሰዎቹ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር። ኃይለመስቀል የሄደበትን ነግሬአለሁ። የጓሮ ክፍሌን ተከራይተው «ጋሼ ገነነ» እያሉ ሲቀልዱብኝ የነበሩት ተማሪዎች ተመርቀው በየአገራቸው ተበትነዋል፤ አንዱ ብቻ ለገና መልእክት ይልክልኛል። የወንድሜ ልጅ ቲጂ ሐዋሳ ነው ሥራዋ፤ እሑድ ከአምልኮ ስትወጣ ትደውልልኛለች፣ ኔትወርክ ከፈቀደ። ወለቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ገነነ እዚህ ቤት ይኖራል ብሎ ተነሥቶ የሚመሰክርልኝ በየዓመቱ እያነሰ ሄዶ፣ ሳይሄድ የቀረው ምስክር ማንጎው ብቻ ነው። መኖሬን ለማስረዳት ምስክሬን ቁረጥ ትሉኛላችሁ።

አልቆርጠውም። ይህን በትሕትና አስታውቃለሁ። ከሠላሳው ቀን የቀሩት አራት ናቸው፤ በእነዚህ ቀናት የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጽሕፈት ቤታችሁ እስከ ቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ካሜራው ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ ሊያየኝ ከሞከረ፣ ከእናንተ አንዱ ሃያ ደቂቃ ቢራመድ ነውር አይሆንበትም። ቀና ብሎ ዛፉን፣ ጎንበስ ብሎ ቤቱን አይቶ ይመለስ። ቅርንጫፉ በረንዳው ላይ ስለወረደ፣ የሚመጣው ባለሥልጣን ቢሆን እንኳ ጎንበስ ማለቱ ግድ ነው፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለመኖሬ ባይሆንም ለመሳተፌ ዕውቅና ስለሰጣችሁኝ እያመሰገንኩ፣ ሥራችሁ እንዲቃና፣ ፎቷችሁም ወደፊት ከቅጠል በታች ማየት እንዲችል እየጸለይኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ገነነ ጎዳና
የቤት ቁጥሩ በሩ ላይ በቀለም የተጻፈ

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሰሊሆም፤ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ማስታወሻ፦ ቲጂ በስልክ «አጎቴ፣ ዛፉን ካልቆረጥክ የማፍረሻ ማስጠንቀቂያ ይልኩብሃል» ብላ አስፈራርታኛለች። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ የባለቤቱ ስምና የቤት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ሁለቱን በጻፋችሁበት ቀን ቤቱ መኖሩን በራሳችሁ ማኅተም መሰከራችሁልኝ ማለት ነው፤ ባዶ ቦታ አይፈርስምና። ስለዚህ እባክዎ አያዘግዩብኝ። ወለቴ ካረፈች ወዲህ በስሜ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። የሚያመጣው ሰው በሩን ጠንከር አድርጎ ያንኳኳ፤ ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል እንጂ አለሁ።