በቀይ ቀሚስ የታየችው እኔ ነኝ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለአቪስ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ የጉልበትሽ ሕመም በሚድልበርግ እርጥበት አልባሰብሽም? ባልሽ ኮርኔሊስስ እንዴት ነው፣ የሚገምደው ገመድ ገበያ አለው? ልጆቹስ ጤና ናቸው? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም አንዱ ስለወለቀ ቀሎኛል። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ ታገሺኝ። በደብሩ ጸሐፊ ባስጽፈው ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት አገር ያውቀው ነበር።

ጌታችን ሎርድ ኤቨራርድ ከፋሲካ በኋላ ዐረፈ። ብታለቅሺ አልቆጣሽም፣ እኔም አልቅሻለሁ። ርስቱ የዘጠኝ ዓመት ልጁ የፍራንሲስ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ነገር ግን ገና የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ወንድሙ ሰር ጊልበርት ተነሣ። «ወንድሜ እመቤቲቱን ሳያገባ የባርከርን ልጅ አቪስን እጅ ለእጅ ተያይዞ ሚስቴ ነሽ ብሏታል። በሕጋችን ይህ ጋብቻ ነው። እሷ በሕይወት እያለች ሌላ ስላገባ ልጁ ዲቃላ ነው፣ ርስቱ የእኔ ነው» አለ።

ምስክሩ ማን መሰለሽ? ሣር ከዳኙ ሽማግሌ አምብሮዝ። የዛሬ ሃያ ዓመት በመኸር፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች የባርከር ልጅ ጎተራው በር ላይ የጌታውን እጅ ይዛ አይቷል። ፊቷን አላየም፣ የተባባሉትንም አልሰማም። የመንደሩ ሴቶች ግን ያልሰማውን ሞሉለት። የወፍጮ ቤቷ ማርጀሪ «አቪስ እኮ ባሕር የተሻገረችው ሆዷ ገፍቶ ነው» ስትል ደሜ ፈላ። «የአንቺ ሆድ ከሠርግሽ ቀድሞ መግፋቱን ጣት እየቆጠርን የሳቅነው እኛ ነን» አልኳት።

የባሰው የመጣው ኋላ ነው። ሰር ጊልበርት አንቺን አምጥቶ ሊያስምል ሰው ወደ ሚድልበርግ ሊልክ ተነሣ። አቪስዬ፣ አንቺ የሎርዱ ሚስት ከሆንሽ ኮርኔሊስ ምንሽ ሊሆን ነው? ልጆችሽስ ምን ሊባሉ ነው? ደግሞም ፍራንሲስ በጌታችን ግቢ ወደምሠራበት ወተት ቤት እየመጣ ስልባቦት የሚልስብኝ ልጅ ነው።

ስለዚህ የጋብቻ ክርክር ወደሚዳኝበት ወደ ጳጳሱ ችሎት ሄጄ ወንጌል ላይ እጄን ጭኜ «ቀይ ቀሚስ የለበስኩት እኔ ነኝ። ልጆች ነበርን፣ ተሳሳትን። ስለ ጋብቻ የተነገረ ቃል የለም» አልኩ።

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው» ስለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰር ጊልበርት ፊቱ ቀልቶ «ይህቺ? ወንድሜ ዓይን አልነበረውም እንዴ!» አለ። እንዳልዋሽሽ ትንሽ ከነከነኝ። አምብሮዝ «ያየሃት ይህቺ ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክ ብሎ አየኝ። ቀይ ቀሚስ ኖሮኝ እንደማያውቅ ያውቃል። «ልትሆን ትችላለች» አለ።

ርስቱ ለፍራንሲስ ጸና። የእኔ ቅጣት ነጭ አንሶላ ተከናንቤ፣ ነጭ በትር ይዤ፣ ሁለት እሑድ በባዶ እግሬ ቤተ ክርስቲያን መቆም ነው። አንዱን ባለፈው እሑድ ቆምኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል እንጂ አይገድልም። የከበደኝ እመቤቴ ናት፤ ባሏን ያባለግሁ መስሏት ከወተት ቤቱ አስወጣችኝ። ልጇን ያተረፍኩላት እኔ መሆኔን እንዴት ልንገራት? አሁን ከአክስታችን ዘንድ ሱፍ እፈትላለሁ። በወንጌል መዋሸቴን ከእግዚአብሔር ጋር እኔው እነጋገርበታለሁ። አንቺ ብቻ እንዳትመጪ።

አክስታችን ሰላም ብላሻለች። ኮርኔሊስን ሰላም በይልኝ፣ ከዚህ ሁሉ ግን ምንም አትንገሪው። ልጆችሽን፣ ትልቁን ያንን፣ ማይከንን፣ ሊዝቤትንና ትንሹን ፒተርን ከነአባታቸው ስም እየጠራሽ ሳሚልኝ። ያን ቀን ከጎተራው ሮጠሽ መጥተሽ በጆሮዬ የነገርሽኝን፣ ሎርዱ ሚስቴ ነሽ ብሎ የሰጠሽን ቃል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብቄልሽ ኖርኩ። አሁን ረስቼዋለሁ። አንቺም እርሺው፣ እህቴ።

እህትሽ ቶማሲን ባርከር

ዌይንፎርድ፣ ሰፎልክ
በቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት፣ ንግሥታችን ኤልሳቤጥ በነገሠች በሠላሳ ስድስተኛው ዓመት