መድረክ የሚወጣው የእናቴ ጣሳ

ኩኒሂኮ፣

እንኳን ደስ ያለህ! እናቴ ከሳጋ ኖሪ፣ ያንን የደረቀ የባሕር ቅጠል፣ ሞልታ የላከችልኝን ጣሳ በስተህ የጊታር ድምፅ ማሻከሪያ ፔዳል አደረግከው። ቅጠሉ በዚህ ዝናብ አንተ የገለበጥክበት ፌስታል ውስጥ እርጥብ ጨርቅ መስሏል። ብላልኝ፣ አደራ።

የፔዳሉ ድምፅ ማደባለቂያ ቁልፍ መሃል ላይ ሲደርስ ድምፁ የሚሞተው፣ እንዳልከኝ «አንቺ ጆሮ ስለሌለሽ» አይደለም፣ ሊቁ። ንጹሁና የሻከረው ድምፅ አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ ሆኖ ስለሚወጣ ይጠፋፋሉ። ጠዋት ጣሳው ውስጥ ያስገባኸውን የትንሹን ትራንስፎርመር ሁለት ሽቦዎች አቀያይሬ በየድኳቸው። አሁን ሁለቱም ይሰማሉ።

ለመሞከር ጊታርህንም ሳላስፈቅድ ነክቻለሁ።
ትናንት ስንጣላ የተናገርኩህ ነገር...
ተወው።

ወደ እናቴ ሄጃለሁ። ጣሳው የት ደረሰ ካለችኝ፣ ቅዳሜ መድረክ ላይ ይጫወታል እላታለሁ።

እንዳታሳፍራት።

ቺናሚ