የእማዬ ጥርስና የእኔ ስም

እትዬ፣ እማዬ በስሜ ጠራችኝ! በአንቺ ስም አይደለም፣ በራሴ! «ዘነበች» አለችኝ፣ ጥርት አድርጋ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን ቶሎ ታለቅሻለሽ፣ ወሬዬን አታስጨርሺኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ሰላምታውን አሁን ላድርስ፦ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ሐዋሳስ እንዴት ናት? እኛ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ እጅግ ደህና ነን።

ታውቂያለሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንቺ ስም ነበር የምትጠራኝ። የማጥባት፣ የማለብሳት፣ የማጎርሳት እኔ፤ ምርቃቱ ለአንቺ። አንድ ቀን እግሯን እያሸሁላት «ያቺ ታናሽሽ የት ጠፋች? አትጠይቀኝም እኮ» አትለኝም መሰለሽ! እትዬ፣ አልደብቅሽም፣ ያን ቀን ጠላሁሽ። አንቺ በዓመት አንዴ ለፋሲካ ብቅ ትያለሽ፣ ከረሜላ ትልኪያለሽ፤ እሷ ደግሞ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ «ልጄ ላከችልኝ» እያለች ትውላለች። ሲያልቅባት ያንኑ ዓይነት ከቀፊራ ገበያ ገዝቼ «እኔ ነኝ የገዛሁልሽ» ብዬ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና አንቺን መረቀች። እልህ ያዘኝ፤ ሌላ ጨመርኩላት። ሌላም።

መፋቂያዋንም የቀማኋት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ስትፍቅ ትዝ ይልሻል? መርሳት ስትጀምር ድዷን ትወጋዋለች ብዬ ወሰድኩባት፤ በምትኩ ግን ምንም አልሰጠኋትም። ከዚያ ሥጋውን ተወች፣ ቆሎውን ተወች፣ እንጀራውንም በአንድ ጎን ብቻ ማላመጥ ጀመረች። ኋላማ ስትጎርስ መጮህ አመጣች። እርጅናዋ ነው አልኩና ሁሉን ነገር ፈጭቼ አጠጣት ጀመር።

የነቃችው ጎረቤታችን ኡባህ ናት። ሻይ ልታጠጣት ጠጋ ብላ «ወላሂ ዘነበች፣ ይሄ አፍ ታሟል! አንቺ አእምሮዋን ትያለሽ፣ ሴትዮዋን እኮ ጥርሷን ነው ያመማት!» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በባጃጅ ይዘናት ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድን። ዶክተር ፈሃድ ይባላል፣ ትሑት ልጅ ነው። ሦስት ጥርሷ በስብሷል፣ ድዷ መግል ይዟል። እንዲህ እያመማት በደንብ ልትበላም ልትተኛም እንደማትችል፣ ሐሳቧም የባሰ እንደሚበታተን አስረዳኝ። የድድ በሽታና የጥርስ ማለቅ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ከመርሳት ጋር አብሮ ይታያል አለ፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ግን ገና እየተጠና ነው። «የመርሳቱን በሽታ አድናለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ሕመሙን ግን አነሳላታለሁ» አለኝ።

ነቀለላት፣ መድኃኒት ሰጣት፣ ድዷ ሲድን አርቴፊሻል ጥርስ ሠራላት። እንቅልፏ ተመለሰ፣ ጉንጯ ሞላ። አሁን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ አፏን የማጸዳላት እኔ ነኝ። የዛሬ ሳምንት ጠዋት እያጸዳሁላት እጄን ያዝ አደረገችና ትክ ብላ አየችኝ። «ዘነበች፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?» አለችኝ።

ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሰፈሩን ጠራሁ። ኡባህ እልልታውን ለቀቀችው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? «እትዬ አሁን ትስማ!»

ትናንት ታዲያ እማዬ ኡባህን «ዘነበች፣ ነይ ተቀመጪ» አለቻት። ኡባህ አንዴ አየት አደረገችኝና «አቤት እማማ» ብላ ተቀመጠች። ገብቶኛል እትዬ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ስሜ አፏ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ፋሲካን አትጠብቂ። ከረሜላም አትያዢ። ኡባህ የምስር ሳምቡሳ ትሠራለች፤ እማዬ በአዲሱ ጥርሷ ስትገምጠው ታያታለሽ። በር ላይ ስታይሽ አንቺንም «ዘነበች» ትልሽ ይሆናል። እንዳይከፋሽ፣ አቤት በያት። እኔ ሁለት ዓመት በአንቺ ስም አቤት ብያለሁ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እሷንም እስከዚያ እንዳለች ያቆይልን።

የምትወድሽም የምትቀናብሽም ታናሽ እህትሽ

የምትመጡበት ቀን የጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ነው። ባልሽም፣ ልጆቹም፣ አንድም ሰው እንዳይቀር!