ሻፊ የቆረጠው ትኬት

አሰላሙ አለይኩም እማ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ሌላ ጊዜ ይህን ስጽፍ እጄ አይከብደኝም ነበር። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለሕክምና አዲስ አበባ ሻፊ ቤት ከገባሽ ወዲህ ሱቁን ብቻዬን ይዤ ነበር፤ ዛሬ ግን ለጎረቤታችን ለእትዬ በዛወርቅ ትቼ ከቦንጋ ወጥቻለሁ። ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። ጉም ወርዷልና ጠብቁ ተባልን። መቀመጡም መቆሙም አቃተኝ፤ ካንቺ ጋር ላውራ ብዬ ነው።

የልጅሽን የሻፊን ጉድ ስሚ! ጠዋት ደውሎ "እማ ትንሽ ደክሟት ነው፣ ለክፉ አይሰጣትም፣ ብቻ ነይ" አለኝ። ስጣት ላናግራት ስለው "ተኝታለች" አለ። አንቺ? ሱብሒ ሰግደሽ መች ተኝተሽ ታውቂያለሽ? እሺ፣ በሚኒባስ እመጣለሁ ስለው "የለም፣ ትኬት ቆርጬልሻለሁ፣ በአውሮፕላን ነይ" አይለኝም! ያ ለገዛ ሰርጉ እንኳ ሁላችንንም በአውቶቡስ ያንገላታን ቋጣሪ! አንድ ሰዓት ለማትሞላ በረራ ገንዘብ ማውጣት እብደት ነው ሲል የኖረ! የደከማት እናት ዘንድ እኮ በሚኒባስም ይደረሳል። ትኬቱ ስልኬ ላይ ሲገባ የስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

ደግሞ "ከዙሁር በፊት ድረሽ" ይለኛል፣ ደጋግሞ። በሽተኛ ለመጠየቅ የቀትር ሶላት ምን አገባው?

እትዬ በዛወርቅ ሳልጠራቸው መጡ። ሻንጣዬን ሲያዘጋጁልኝ፣ ባለፈው ሳምንት አምጪልኝ ያልሽኝን የማንኪራ ማር አወጡና ፊታቸውን አዙረው "ይሄን ለሌላ ጊዜ ተይው ልጄ" አሉኝ። ተናደድኩባቸው። ለምን፣ እማ ማር ጠላች ተባለ? ብዬ መልሼ ከተትኩት። ልጃቸው ሚሊዮንም ሳልለምነው እስከ ጅማ ሸኘኝ።

ትኬት የምታየዋ ልጅ "አይዞሽ፣ ከተነሳን ሻይሽን ሳትጨርሺ ቦሌ ነን" አለችኝ። ታዲያ መች ተነሳን? አጠገቤ ያለው ሰውዬ ደግሞ "ከቀትር በኋላ ሳይሆን አይቀርም" እያለ ያሟርታል። አፍህን ያዝ ልለው ምንም አልቀረኝ። ከቦንጋ ጅማ ያለው ጠመዝማዛ አልፎልኝ፣ በዚህች እፍኝ በማትሞላ ሰማይ ልቀር ነው? ፈራሁ እማ። ፊትሽን ሳላየው እንዳይቀር ፈራሁ።

አሁን ጉሙ ሳሳ መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ እየተነሳ ነው። ደብዳቤዬን ሁሌም ሻፊ ነው የሚያነብልሽ፤ ይህን ግን ራሴ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ። ማሩንም ይዣለሁ። አንቺ ብቻ ጠብቂኝ። ሊሸኙሽ ከቸኮሉም "ልጄ መንገድ ላይ ናት" በያቸው። ዙሁር ቢያልፍ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት አለ።

አላህ ያለሽበትን ያስፋልሽ፤ እኔንም ከፊትሽ ያድርሰኝ።

ትልቋ ልጅሽ